ለሳይክሌ ስል የገደልኳቸው ሽማግሌ

ከአዳማ ጢቾ ደርሼ የተመለስኩበትን አራት ቀን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «መንገዱ ጥሩ ነው፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው» እያልኩ ሳልፈው ከረምኩ። አርሲን ረግጠው ለማያውቁ ወዳጆቼ መንገዱንም ብርዱንም አወራለሁ፤ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በቃሌ ለመናገር አፈርኩ። ወረቀት ቢያንስ ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

አዳማ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። በዚህ ዕድሜዬ በአሮጌዋ ሳይክሌ ላይ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ገጠምኩባት። ሳይክሏን ድሮ የገዙልኝ ጋሽ ዘርጋ የሚባሉ የጢቾ ባለ ሱቅ ናቸው። ገና ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ ጢቾ ስመደብ፣ ከሱቃቸው ጓሮ ባለችው ክፍል አስገብተው እንደ ልጃቸው አብልተው አኖሩኝ። «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ጭቃው ይገድልሃል» ብለው ሳይክል ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ጢቾን ከለቀቅኩ በኋላ በስልክ ካልሆነ በአካል ሳልጠይቃቸው አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ሞተሩ በተገጠመ ማግስት ግን ናፍቆቴ ተነሳ። ናፍቆት ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ሳይክላቸው ምን እንደሆነች አይተው «አይ አንተ ልጅ!» እንዲሉኝ ፈልጌ ነው።

ሳልነሳ ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ ጠይቄ ነበር። አንዲት ትዕግሥተኛ ሠራተኛ አስቀምጣ አስረዳችኝ። «ሞተር ካለው ይመረመራል፣ ይመዘገባል፣ ታርጋ ይወጣለታል። እርስዎም መንጃ ፈቃድ ያወጣሉ። እስከዚያ ሞተሩን ሳያስነሱ ፔዳል እየመቱ ይሂዱ» አለችኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ «ፔዳል እየመቱ» የሚለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ትራፊክ ሳይ ሞተሩን አጠፋና ፔዳል እመታለሁ፣ ትራፊኩ ሲርቅ አስነሳለሁ ብዬ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ዛሬ ሳይክሌ ታርጋ አላት፣ እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሁለቱንም ለማውጣት ከፈራሁት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዳማ አሰላ

ማለዳ ተነሳሁ። እስከ ዴራ ድረስ አገሩ የእኛው ነው፤ ሙቀቱም፣ አቧራውም፣ የግራሩ ዛፍም። ከዴራ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይይዛል፣ ነፋሱም ጠባዩን ይቀይራል። አዳማ በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ እዚያ ግን ሰው ፀሐይ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ ግድግዳ ስር ተደርድሯል። ሞተሬ ሽቅቡን ሲያይ ማጓራት ጀመረ። ብዙውን ዳገት ሳይክሏ እኔን ሳይሆን እኔ እሷን ነው የወሰድኳት።

ኢተያ ስገባ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ከአዳማ በዚች?» አለና ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤት የተጣላህ አለ እንዴ?»

ለጥፎ ሲጨርስ ገንዘብ አልቀበልም አለ። «እንግዳ ነህ፣ ስትመለስ ትሰጠኛለህ» አለኝ። ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ትኩስ ዳቦና አንድ ብርጭቆ እርጎ ሰጠችኝ። አዳማ ጎማህን ነፍተውልህ እንኳ እጃቸውን ይዘረጋሉ። የአርሲ ሰው ደግ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። ያ ደግነት በማግስቱ ምን እንደሚያመጣብኝ ምን አውቄ።

ጎንዴን አልፌ ጠመዝማዛው ላይ ስወጣ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ሞተሩን አጥፍቼ ፔዳል መምታት ጀመርኩ፤ አልፎኝ ይሄዳል ብዬ ዓይኔን ወደ ስንዴው ማሳ አዞርኩ። ፊሽካው ተነፋ።

የእኔ ዕድሜ እኩያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ አማርኛው ላይ ኦሮምኛው የሚሰማበት ሰው። ሳይክሏን ዞሮ አያት።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ሳይክል ናት ጌታዬ።»

ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ቶሎ መለሰው። «ሳይክል እንዲህ ይሞቃል?»

ታርጋ ጠየቀኝ፤ የለኝም። መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ የለኝም። «በል እንግዲህ፣ እስክትመዘገብ ጣቢያ ትቀመጣለች። አንተ በመኪና ቀጥል» አለኝ፤ ያለ ቁጣ፣ ያለ ስድብ። ጢቾ ያለ ሳይክሌ ልገባ ነው ማለት ነው! ይሄኔ ነው ምላሴን በቆረጠው የሚያሰኝ ነገር ከአፌ የወጣው።

«እባክህ ጌታዬ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«ማን ሞቶብህ?»

የሌለ ሰው ስም ጠርቼ ባልፍ ማንም አይጎዳም ነበር። ግን ስም ጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ በልቤ ስጠራው የዋልኩት አንድ ስም ብቻ ነበር።

«ጋሽ ዘርጋ» አልኩ። «ጢቾ ነው። አሳዳጊዬ ናቸው።»

ትራፊኩ ኮፍያውን አወለቀ። «ባለ ሱቁ? የነርስ ወይንሸት አባት?»

ወይንሸት የጋሽ ዘርጋ ልጅ ናት። ጢቾ ሳለሁ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን አሰላ ነርስ ሆናለች። የዚያን ዕለት ማደሪያዬም እሷው ቤት ነበር። ትራፊኩ ያውቃታል ብዬ በምን ላስብ? ያን ጊዜ እንኳ «ይቅርታ፣ ዋሽቼህ ነው» ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልኩ።

«ያ ዋቅ! መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ ተቀበሩ።»

«ልጅቷ ሰምታለች?»

ሰምታለች ብዬ ብመልስለት ደውሎ ሊያጽናናት ነው። «አልሰማችም። ገና አልተነገራትም» አልኩት፣ ነገሩን የዘጋሁ መስሎኝ። የእኛ ሰው ያልተነገረ መርዶ ሰምቶ አርፎ እንደማይቀመጥ እንዴት እንደዘነጋሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«እናቴን ያስታመመችልኝ እሷ ናት። ዕድራችንም አንድ ነው» አለ ትራፊኩ። ከዚያ ወደ አሰላ የሚወጣ ኢሱዙ አስቁሞ፣ ሳይክሏን ራሱ ተሸክሞ አስጫነልኝ። እኔን ጋቢና አስገባኝ። «በዚህ ዳገት ኀዘንተኛ ፔዳል አይመታም። ጀባዱ፣ በርታ ወንድሜ» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። ሹፌሩ የሆነውን ሲሰማ ዘፈኑን አጠፋ፤ አሰላ እስክንደርስም አልከፈተውም። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ በሆዴ ግን «አለፍኳት!» እያልኩ ነበር።

ወይንሸት በደስታ ተቀበለችኝ። ባሏ አቦምሳ ነው የሚሠራው፤ ቤት ውስጥ እሷና ሁለት ልጆቿ ብቻ ናቸው። አሰላ ይበርዳል፤ እኔ አዳማ መስኮት ከፍቼ የምተኛው ሰው ሁለት ጋቢ ደራርቤ ተቀመጥኩ። ሳይክሏን አይታ ሳቀች። «ቲቸር፣ ትራፊክ አልያዘዎትም?»

«አንድ ደግ ሰው ገጠመኝ» አልኳት።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቶቿ ገባ ወጣ አበዙ። አንዷ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። አንዷ ጨው ልዋስ ብላ ገብታ ወይንሸትን አቅፋ ሳመቻት፣ ጨዉን ግን ረስታው ሄደች። ሌላዋ «ልጆቹ ዛሬ እኛ ጋ ይደሩ» ብላ ወሰደቻቸው። ወይንሸት «ዛሬ ምን ሆነው ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ አሁንም የአሰላ ሰው ደግነት እያስደነቀኝ ዳቦውን በላሁ።

ሁለተኛው ቀን፤ ከአሰላ ጢቾ

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እንግዳ ክፍል ነበርና የተኛሁት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ከፊታቸው የዕድሩ ዳኛ፣ ከጎኑ የትናንቱ ትራፊክ ያለ ዩኒፎርሙ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ያለ ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማናችሁም አልነግርም።

ትራፊኩ በሹክሹክታ «እዚህ በማደርህ ደግ አደረግክ» አለኝ።

አንድ ቃል ሳልመልስ ወይንሸት ከመኝታ ክፍሏ ወጣች። ሰዎቹን አየች። ማንም ምንም አላላትም።

«አባዬን!» ብላ ጮኸች። «አባዬን ነው! አባዬን!»

ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት፤ እሷ ግን ከእጃቸው አምልጣ መሬት ላይ ወደቀች። ፊቷን ትቧጭራለች። እኔ መሀል ገብቼ «አልሞቱም! ወይንሸት፣ አልሞቱም! ትናንት ለትራፊኩ ዋሽቼው ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ።

የዕድሩ ዳኛ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ። «ሰውዬ፣ ተው። አንዴ ተረድታለች፣ አሁን ብታታልላት ምን ይጠቅማታል?»

«እውነቴን ነው!»

ወይንሸት ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ አይዋሹኝ» አለችኝ። «ለዚህ ነው የመጡት። ማታውን ያልነገሩኝ እንቅልፍ እንዳላጣ ብለው ነው። አይዋሹኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ያመነኝ ሰው የለም። ጋሽ ዘርጋ ጋ ደወልኩ፤ አይሠራም። የጢቾን ሰው ሁሉ ሞከርኩ፤ የጢቾ ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው አሉ። ስልኩ አለመሥራቱም ለወይንሸት ሌላ ማስረጃ ሆነላት።

ያመነኝ ትራፊኩ ብቻ ነው። ከሰው ለይቶ ወደ ግቢው አወጣኝና ከሳይክሏ አጠገብ አቆመኝ። ሥራው ነውና ብዙ ውሸት አይቷል፤ እውነትም ሲያይ ያውቀዋል መሰለኝ።

«ትናንት ነው የዋሸኸው ወይስ ዛሬ?»

«ትናንት» አልኩት።

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር። «እኔ ለነዚህ ሰዎች ብነግራቸውም አሁን አይሰሙኝም። በዓይኗ ካላየች አታምንም። አብረሃት ሂድ፣ እንዳትለያት» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ዕድሩ ሚኒባስ ተኮናተረ። ጥቁር በለበሱ ሰዎች መሀል የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ሳጉሬን ስናልፍ የገብሱ ማሳ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል፤ የጭላሎ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኗል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለዚያ አገር ስንት ገጽ እጽፍ ነበር። የማስታውሰው ግን የወይንሸትን ድምፅ ነው። «አባዬ ሱቅህን ማን ይከፍተዋል? መድኃኒትህን ማን ይሰጥሃል? መምጣቴን እየጠበቅክ ነበር አይደል አባዬ?» ትላለች። ሰው ሁሉ አብሯት ያለቅሳል። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ፣ ውሃ ሆኜ ስቀመጥ አይታ፣ ኀዘን የጸናብኝ መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ላቤን ጠረገችልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጢቾ ገባን። ጋሽ ዘርጋ ሱቃቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሚዛናቸውን ይወለውላሉ። አርጅተዋል፤ ሲሠሩ ከንፈራቸውን መንከስ ግን አልተዉም።

ወይንሸት ከመኪናው ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች መንገዱ መሀል ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታያቸዋለች። እኔ «ተመስገን፣ አለቀ» አልኩ በልቤ። አላለቀም።

ጋሽ ዘርጋ ሚዛኑን ለቀው ተነሱ። ልጃቸውን አዩ፣ ጥቁር ለብሶ ከመኪና የሚወርደውን ሰው አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም ጋሽ ዘርጋ» አልኩ።

«ማንም ካልሞተ ይሄ ሁሉ ሰው ጥቁር ለብሶ ምን ሊያደርግ መጣ? በላይን ነው? በላይዬን ነው?»

በላይ ወንድ ልጃቸው ነው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

«አንተን ነው አባዬ!» አለች ወይንሸት ከመሬት ሳትነሳ። «አንተን ሞተ ብለውኝ ነው!»

«እኔንማ እያየሽኝ ነው» አሏት። «ታዲያ ማን ነው? ንገሩኝ። ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

ተንበርክኬ እግራቸውን ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሰዉም ከብቦን ሰማ። የዕድሩ ዳኛ ፊቱን አዞረ፤ ላቤን የጠረገችልኝ ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ከአጠገቤ ራቀች። ጋሽ ዘርጋ ግን ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ለሳይክል ብሎ ሰው እንዲህ አይዋሽም። ሌላ የደበቃችሁኝ ነገር አለ» አሉ። ለእኔ ከነበራቸው ክብር የተነሳ መዋሸቴን አላመኑም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ሦስተኛው ቀን፤ ጢቾ

ከድሮ ክፍሌ ስወጣ ጋሽ ዘርጋ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጢቾ ከአሰላም ይብሳል፤ አፍ ሲከፈት እንፋሎት ይወጣል። ጋቢዬን አውልቄ ላለብሳቸው ስሞክር በእጃቸው መለሱት። ወይንሸት ፊቷ ላይ የቧጨረችው ቆስሏል። ቁርስ አቀረበችልኝ፤ በዚህ ሁሉ መሀል እኔን እንግዳ አድርጋ።

እኩለ ቀን ገደማ ኔትወርኩ ተመለሰ። ወይንሸት በጋሽ ዘርጋ ስልክ ወንድሟ ጋ ደውላ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«አባባ? ጭነት እያራገፍኩ ነው፣ ምነው በሰላም ነው?» አለ በላይ።

ጋሽ ዘርጋ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ አለቀሱ። እኚያ የጢቾን ገበያ በቁጣቸው ያስተዳድሩ የነበሩ ሰው፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ እንጀራ ጠየቁ። በሉ። እጃቸውን ታጠቡና ጠሩኝ።

«እንግዲያው እውነትህን ኖሯል» አሉ። «ለሳይክሏ ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ያቺ እኔ የገዛሁልህ?»

«አዎ ጋሽ ዘርጋ።»

አልተቆጡም። የገረማቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይዛ ቀረች ብትለኝ፣ ሌላ እገዛልህ ነበር እኮ» አሉኝ።

ብዙ ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ። እንደዚህች ቃል ግን አንጀቴን የቆረጠው የለም።

አራተኛው ቀን፤ ወደ ጎንዴ

ጠዋት ከወይንሸት ጋር በሚኒባስ ወደ አሰላ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ግቢዋ ስንደርስ ሳይክሏን አወጣሁ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ካንዴላውን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ቁልቁለቱን በእጄ እየገፋሁ ወረድኩ። አላፊ አግዳሚው «ተበላሸች እንዴ?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ።

ትራፊኩ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ቆሟል። ፊቱ ደርሼ ሳይክሏን አቆምኩ።

«ደህና ናቸው?» አለኝ መጀመሪያ።

«ደህና ናቸው። ይቅር በለኝ። የሚገባኝን አድርገኝ።»

የቅጣት ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ ታርጋ የለውም፣ መንጃ ፈቃድ የለውም። ወረቀቱን ገንጥሎ ሰጠኝ። «ሳይክሏን አስመዝግበህ ትወስዳታለህ። ይኸው ነው። ለሌላው ነገርህ የምሞላው ቅጽ የለኝም» አለ።

ወረቀቱን አጥፌ ሳልጨርስ አንድ ሞተር ሳይክል እየበረረ መጣ። ትራፊኩ ፊሽካ ነፋ። ታርጋ የለውም። የሚነዳው ወጣት ነው፤ ከኋላው ሴት አፈናጥጧል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«እባክህ ልቀቀኝ፣ ለቀብር ነው፣ ሰዓት ሊያልፍብኝ ነው» አለ ልጁ። «ወንድሜ ሞቶብኛል።»

ትራፊኩ ኮፍያውን ሊያወልቅ እጁን አነሳ። መሀል ላይ አቆመው። ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ተመልሶ «ማስረጃ አለህ?» አለው።

«ለሞት ምን ማስረጃ አለ?»

«ቤተሰብ ጋ ደውልልኝ። ራሴ ልስማ።»

ልጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ከኋላው ያለችው ሴት ማልቀስ ጀመረች። ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለትራፊኩ ዘረጋለት። ሀሎ ያለ ሰው አልነበረም። ከስልኩ የወጣው የብዙ ሰው ጩኸት ነው፤ ከመሀል አንዲት እናት የልጇን ስም እየደጋገመች ትጣራለች። አራታችንም ቆመን ሰማነው።

«ሂድ፣ ጀባዱ» አለው ትራፊኩ። ልጁ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ትራፊኩ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ መንገዱ ዞረ። እኔም የቅጣት ወረቀቴን ይዤ፣ በእግሬ ወደ ኢተያ ወረድኩ።